የላምያ ወፍ ዘራሾች

ሰኔ 8 ቀን 2006

ዝናብ ዘነበ። ከቀትር በኋላ፣ ብዙ።

ልጄ ላምያ ይህን ደብተር ከሚዛን ከተማ ገዝታ አመጣችልኝ። "አባ፣ ዝናብ የዘነበበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ፤ ለትምህርቴ ይጠቅመኛል" አለች። ብቻ ማለትን አልወድም። እኔ አባቢያ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ሰርተፍኬቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዝናብ ብቻ የሚጽፍ ሰው ምን ሰው ይባላል? ዝናቡን በሌላ ወረቀት እገለብጥላታለሁ። ይሄ የኔ ነው።

የዛሬውን ልጻፍ። ላምያ አማን ከተማ ታስተምራለች፤ ሁለት ዲግሪ አላት። አሁን ለሦስተኛው ጅማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ዶክተር ልትሆን ነው! የኔ ልጅ! ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ከእርጅና አይደለም።

ሰኔ 11

ገበያ ዋልኩ። ለሁሉም ነገርኩ። ለጨው ነጋዴው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለማላውቀው ሰው ጭምር።

ገብረወልድም ሰማ። ገብረወልድ ማለት ማሳው ከኔ ጋር የሚዋሰን፣ ሃያ ዓመት የተጨቃጨቅኩት ሰነፍ ነው። በሰው ፊት፣ "እንኳን ደስ ያለህ አባቢያ! ዶክተር ከሆነችማ ያንን የሚያምህን ጉልበትህን ታያለቻ!" አለኝ።

"የቡና ዶክተር ነው የምትሆነው" አልኩት።

"እንግዲያ የኔን ቡና ትይልኝ፤ ካንተ ጉልበት እሱ ይብሳል።"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቤት ስገባ ሳቅኩ።

ሰኔ 19

ዝናብ ሌሊት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። መቀበሉን ተቀብለዋታል፤ የሚከፍልላት ግን የለም። ዶክተር ወርቅአፈራሁ የሚባል መምህር የቡና ጥናት ይዟል፤ በጥናቱ የሚያግዘው አንድ ተማሪ ይመርጣል። የተመረጠው ትምህርቱ በነፃ ነው፤ ማደሪያና የየወሩ መተዳደሪያ ይሰጠዋል። በፈንታው ከመምህሩ ጋር ጥናቱን ይሠራል፣ አዲስ የገቡትን ልጆችም በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምራል። ቦታው አንድ። አመልካቹ ስድስት።

"የኔ ልጅ ሰው ቤት ተቀጥራ?" አልኩ።

"ቅጥር አይደለም አባ፤ እየሠሩ መማር ነው። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው።"

"በሬውን ልሽጠውና በክብር ተማሪ።"

"በሬው አንድ መንፈቅ አያስተምረኝም። ደግሞ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ከዶክተሩ ጋር መሥራቱን ነው የምፈልገው። ከአምስቱ የምበልጠው በማዶው ማሳችን ነው።"

ከወንዝ ማዶ ያለው ማሳችን ለጥናቱ ይሆናል አለች፤ እንዴት እንደሚሆንም ብዙ አስረዳችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ያልገባኝን መጠየቅ አልወድም፤ "ይሄ በመሠረተ ትምህርት አልነበረም" ብላ ታስባለች። የገባኝ ይህ ነው፤ መምህራኑ መጥተው ማሳውን ያያሉ፤ ከወደዱት ቦታው የላምያ ነው።

ያ ማሳ ጦም ካደረ አራት ዓመቱ ነው። ወንዙን አልሻገርም፤ ጉልበቴን ያመኛል። ባለቤቴ ከድጁ ከሞተችም አራት ዓመቷ ነው። የጉልበት ነገር ነው።

ሐምሌ 5

ሮመዳን። ዝናብ ጠዋትም ማታም።

ተሳካልኝ! በገብረወልድ ላይ አመልክቼ ነበር፤ ጫካው የጃርትና የዝንጀሮ ቤት ሆኖ ቡናዬን አስበላው ብዬ። ዛሬ የግብርና ባለሙያዋ ሀና መጥታ፣ እስከ ነሐሴ አሥር ድረስ እንዲመነጥር መታዘዙን ነገረችኝ። ሃያ ዓመት የለፋሁበት ነገር!

"የእርስዎስ የማዶው?" አለችኝ ስትወጣ።

በሩን ከፈትኩላት። ይህች ልጅ ምላሷ ረዥም ነው።

ሐምሌ 21

ዒድ ሙባረክ። ላምያ ቤት ዋለች። በላን፣ ሳቅን።

እንግዶቹ ነሐሴ 17 ይመጣሉ። ዶክተሩ ራሱ፣ ሌሎች ሁለት መምህራንም። ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ "አባ፣ የማዶውን ማሳ እንዳትነካው። እንዳለ ይቆይ፣ አደራ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ልጄ አስተዳደግ አላት። ከድጁ ናት ያሳደገቻት። እንግድነት ሲሄዱ "አትቸገሩ፣ ምንም አታዘጋጁ" የማይል ጨዋ ማን አለ? ይህን ሰምቶ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለቤት ግን ሰው አይባልም። ጉልበቴን አስባ ነው እንጂ አባቷን አታውቀውም?

ሐምሌ 28

ዝናብ ጥቂት።

እንቅልፍ ከለከለኝ። ዶክተሮች ከጅማ ድረስ መጥተው ያንን ሐረግና ቁጥቋጦ ሲያዩት ይታየኛል። "የአባቢያ ማሳ ይሄ ነው?" ሲሉ ይሰማኛል። ገብረወልድ አጥሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን ሲፍቅ።

አይሆንም። ደቦ እጠራለሁ።

ነሐሴ 3

ተሠራ! አልሃምዱሊላህ! ሃያ ሁለት ሰው፣ ሃያ ሁለት ገጀራ። ለላምያ ነው ስላቸው ያልመጣ የለም። ጎደሬ በጎመን፣ የፍልሰታ ጾም ለያዙት ሽሮ፣ የማያሰክር ቅሪቦ በገንቦ። እኔም ወንዙን ተሻገርኩ። መጀመሪያ ዳር ቆሜ አዘዝኩ፤ በኋላ ገባሁ። ሐረጉ ወረደ፣ ቁጥቋጦው ወረደ፣ ወፍ የዘራው የቡና ችግኝ ሁሉ ተነቀለ። ወፍ ዘራሽ በማሳ ውስጥ እንዳልተበጠረ ፀጉር ነው፤ ባለቤቱን ያስነውራል።

ብዙዎቹ ችግኞች ላይ ቀይ ሪባን ታስሮ አገኘሁ። ገባኝ። የደን ሰዎች የሚቆረጠውን ዛፍ ቀለም እንደሚቀቡት፣ ላምያም የሚነቀለውን መርጣ ምልክት አድርጋ፣ ለመንቀል ጊዜ አጥታ ነው። እነዚያን ለማንም አልሰጠሁም፤ በራሴ እጅ ነቀልኳቸው። ሪባኑን አንድ በአንድ ፈታሁ፤ አጥቤ አሰጣሁት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ለሌላ ሥራ ይሆናታል።

ከዋንዛው ሥር ከድጁ የቡና ለቀማ ሲደክማት የምትቀመጥበት ድንጋይ አለ። ሐረግ ወርሶት ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነካው ብዬ እኔ አጸዳሁት። ዓይኔ ውስጥ ጭራሮ ገባ፤ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ከወንዙ ዳር የቆመ ሰው ግንዱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይምጡ እንግዶቹ!

ነሐሴ 5

ላምያ መጣች።

ሪባኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ፈታችው።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

ወንዙን ሮጣ ተሻገረች።

ዝናብ የለም።

ነሐሴ 6

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

እሷ የምታጠናው ወፍ ዘራሹን ነው። ሰው ሳይነካው፣ ወፍ የጣለው የቡና ፍሬ በጫካ ጥላ ሥር እንዴት በቅሎ እንደሚያድግ፣ የትኛው ችግኝ በሽታ እንደሚቋቋም። ሪባኑ ላይ ቁጥር ነበረው፤ እያንዳንዱን ችግኝ ለክታ መዝግባለች። ዶክተሩ የሚመጣውም ያልተነካ ጫካ ሊያይ ነው። ጫካው ከሌለ ጥናቱ የለም፤ ጥናቱ ከሌለ ቦታው ከአምስቱ ለአንዱ ይሄዳል።

አልጮኸችም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"እንዳትነካው ብዬህ ነበር።"

"ለጨዋነት ያልሽው መስሎኝ።"

አየችኝ። "አባ፣ እንዳልሄድብህ ነው እንዴ?" አለች።

ይሄ ይባላል? ለገበያው ሁሉ የለፈፍኩ ሰው! ለባጃጅ ነጂው! ተቆጣሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ጥፋቱ የኔ አይደለም። እንዳልገባኝ አይታ ደግማ ማስረዳት ነበረባት።

ነሐሴ 7

ዝናብ ጥቂት። ጥፋቱ የኔ አይደለም።

እንዳልሄድብህ ነው እንዴ አለችኝ። እኔ እንዲህ አስቤ አላውቅም። ሰው ብቻውን አንድ ቤት ቢኖር ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ይኖራል።

ነሐሴ 8

ላምያ ስታስብ ውላ፣ "በዚህ አካባቢ ሌላ ያልተነካ የጫካ ቡና የማን ነው?" አለችኝ።

አውቃለሁ የማን እንደሆነ። ሃያ ዓመት ገጀራ ያላነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ነገ ግን ደቦ ጠርቷል፤ ሊያስመነጥረው። ትእዛዙ የወጣው በማን አመልካችነት እንደሆነ አልጽፍም። ከላይ ጽፌዋለሁ።

"እኔ ሄጄ ልለምነው" አለች።

"ተቀመጪ። የኔን ጣጣ ልጄ አትለምንልኝም።"

ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ "ቤቶች!" አልኩ።

"ማነው?"

"አባቢያ ነኝ።"

"ሞቶ ነው እንዴ? በቁሙማ እዚህ ደጅ አይመጣም።"

ገባሁ። በርጩማ ሰጠኝ፤ ቆሜ ቀረሁ። "ነገ ጫካህን አትመንጥር" አልኩት።

"ምን አልክ? በቀኝ ጆሮዬ በኩል ናና ድገመው።"

ደገምኩት። እስኪያስለው ሳቀ። "አንተ ሰውዬ፣ ከሰህ አስፈርደህብኝ፣ አሁን ደግሞ ተው ትላለህ? ከሳሹም አንተ፣ ጠበቃውም አንተ!"

የላምያን ነገር ነገርኩት። ሁሉንም። ሪባኑን ሳይቀር። መሳቁን ተወ። 

"ለላምያማ ጫካው ይቅርና ቤቴንም ብትል እሰጣለሁ" አለ። "ያንተ ሒሳብ ግን ለብቻ ነው። ነገ ደቦው ሲሰበሰብ፣ በሰው ፊት፣ በዚህ አፍህ፣ 'የገብረወልድ ጫካ ከኔ ማሳ ይበልጣል' ትላለህ።"

"ሞቼ ነው!"

"እንግዲያ ሳትሞት አስብበት።"

ነሐሴ 9፣ ጠዋት

አልሄድም።

ነሐሴ 9፣ ከሰዓት

ሄድኩ።

ሠላሳ ሰው ገጀራውን ስሎ ቆሟል። ሽሮው ተሠርቷል። ገብረወልድ በርጩማው ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ "እህ?" አለ። ላምያም ቆማ ታያለች። ሀናም አለች፤ ትእዛዙ መፈጸሙን ልታይ መጥታ።

"ስሙኝማ" አልኩ። "ይሄን ጫካ አትንኩት። የገብረወልድ ጫካ..." ወደ ዛፉ ቀና አልኩ።

"አልሰማንም አባቢያ!" አለ ከኋላ አንዱ ባለጌ።

"የገብረወልድ ጫካ ከኔ ማሳ ይበልጣል!" ብዬ ጮህኩ። ዛፉ ላይ የነበሩት ዝንጀሮዎች ሁሉ ተንጫጩ። ሰው መሬት ላይ ወደቀ በሳቅ። "ዝንጀሮዎቹም መስክረዋል!" አለ ገብረወልድ።

ሀና ጠጋ ብላ፣ "ታዲያ አቤቱታዎን ያነሣሉ?" አለችኝ።

"አነሣለሁ።"

"በጽሑፍ ነው።"

ጻፍኩ። በራሴ እጅ፣ ሦስት መስመር፣ ፈረምኩበት። አንብባ፣ "ጥሩ ጽሑፍ ነው" አለች። እንግዲህ ምላሷ ረዥም ቢሆንም አስተዋይ ልጅ ናት።

ሽሮው ተበላ። አንድም ገጀራ ሳይነሣ ሰው ተበተነ። ገብረወልድ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ደቦ ሲመኝ የኖረ ይመስላል።

ነሐሴ 11

ዝናብ ቀኑን ሙሉ። ገብረወልድ ጫካ ውስጥ ላምያ ትለካለች፣ ትጽፋለች። እኔ ገመድ እይዛለሁ፣ ሪባን አስራለሁ። እስካሁን ሰባ አንድ ችግኝ።

ገብረወልድ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ለራሱ።

ነሐሴ 13

ዝናብ። መቶ ስልሳ። እጄ በሳማ አበጠ።

ለካ ወፍ ዘራሽ ሁሉ አንድ አይደለም። የአንዱ ለጋ ቅጠል እንደ ነሐስ ይቀላል፤ የሌላው ገና ከመነሻው አረንጓዴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስነቅል ኖሬ አላየሁትም። ለላምያ ብነግራት ቀና ብላ አየችኝ። ጻፈችው!

ነሐሴ 16

ጨረስን! ሦስት መቶ! ስንመለስ ላምያ "አባ፣ ውሃ ጠጣ" አለችኝ። ልኬቱን ከጀመርን ወዲህ ከገመድና ከሪባን ሌላ የተናገረችኝ ይህን ብቻ ነው። ጠጣሁ። ጣፋጭ ውሃ ነበር።

ነሐሴ 17

መጡ።

ዶክተር ወርቅአፈራሁ አጭር ሰው ነው፤ ቦቲ ጫማ አድርጎ በጭቃው ከኔ ቀድሞ ይሄዳል። ወደ ገብረወልድ ጫካ የሚወስደው መንገድ በኔ በተመነጠረው ማሳ ነው። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን አየ።

"ማመልከቻሽ ላይ ያለው ይሄ አልነበረም?"

"ነበረ" አለች ላምያ። "ተመነጠረ።"

"ማን መነጠረው?"

እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ገብረወልድ እህ እህ ብሎ ሳለ።

"ገበሬ ነው" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አላስረዳሁም።"

ዶክተሩ አጎንብሶ የተነቀለ ችግኝ አነሣ። ደርቋል። "ያሳዝናል። እንዲህ ያለ ጫካ በስንት ዓመት ይገኛል?" አለ።

ኮፍያዬን አስተካከልኩ።

ከዚያ ጫካው ውስጥ ገቡ። ሦስት ሰዓት ሙሉ! ከግራ ይጠይቋታል፣ ከቀኝ ይጠይቋታል። ስትመልስ ብታዩዋት! አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። አንዷ መምህርት "ይሄን ሁሉ ለክተሽ የጨረስሽው በስንት ቀን ነው?" አለቻት።

"በሰባት ቀን።"

"ለብቻሽ?"

"ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር።"

ሳቁ። ዶክተሩ የገብረወልድን እጅ ጨብጦ፣ "ይህን ጫካ ጠብቀው ስላቆዩ እናመሰግናለን" አለው። ገብረወልድ "ልፋት ነው እንግዲህ" አለ። ልፋት! መሬቱ እንዴት አልዋጠውም?

ሲሄዱ ውጤቱን በስልክ እንነግርሻለን አሏት።

ነሐሴ 18

ዝናብ ጥቂት።

ማን መነጠረው አለ። አንድ ቃል ነበረች የምትጎድለው። እኔ ማለት። ፊደል ስቆጥር እንኳ ከዚህ የከበደ ቃል ጽፌያለሁ።

ለሠላሳ ሰው የጮህኩት አፌ ለአንድ ሰው ተዘጋ። ልጄ የኔን ጥፋት በራሷ ላይ ስታኖር ኮፍያ አስተካከልኩ።

ገብረወልድ "ሳልኩልህ እንጂ አልተናገርኩም" አለኝ። ውለታ መሆኑ ነው።

ጳጉሜ 3

ዝናብ። ስልክ የለም። ላምያ ከአማን እየደወለች "ምንም የለም አባ" ትላለች። እኔ አልጠየቅኳትም እኮ።

መስከረም 8 ቀን 2007

አገኘች! ላምያ ቦታውን አገኘች! ከስድስቱ እሷ!

ስልኩን ሳልዘጋ ነው የሮጥኩት። አዎ፣ ሮጥኩ። ገብረወልድ ደጅ ስደርስ መናገር አቃተኝ። "ሰው ሞተ?" ብሎ ወጣ። "ላምያ..." ስል ገባው። ሁለት ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ተቃቅፈን ዘለልን። ባለቤቱ ወጥታ አይታን ተመልሳ ገባች።

ላምያ ማታ ወረቀቱን ይዛ መጣች። አነበብኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ሁሉንም። ሦስት ዓመት ትምህርቷ፣ ማደሪያዋ፣ መተዳደሪያዋ። ሌላ ወረቀትም አለ፤ ጫካው ሦስት ዓመት እንዳይነካ ገብረወልድ የሚፈርምበት። "ላለመሥራት ስፈርም ይሄ የመጀመሪያዬ ነው" ብሎ ፈረመ።

መስከረም 27

ሄደች።

ሚዛን መናኸሪያ በማለዳ ሸኘኋት። ሾፌሩን "ቀስ ብለህ ንዳ፤ ዶክተር ነው የጫንከው" አልኩት።

"አባባ፣ ሁሉም ዶክተር ነኝ ይላል፤ ወንበሩ ግን አንድ ነው" አለኝ።

ላምያ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ "አባ፣ ብቻህን..." ብላ ጀመረች።

"ሂጂ" አልኳት።

ይኸው ተጽፏል። ሂጂ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 21

ለቀማ ተጀምሯል። ላምያ ደወለች፤ ኔትወርኩ እንዳይቆራረጥ እያወራሁ ኮረብታው ላይ ወጣሁ።

ዛሬ አስተምራለች! አርባ ተማሪ ፊቷ ተቀምጦ! ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ ቃል በቃል ላይ እየወደቀ ነው የምታወራው። ነጭ ካፖርት እንደሰጧት፣ አንዱ ልጅ "መምህርት" ሲላት ሌላ ሰው የጠራ መስሏት እንደዞረች። እኔም እየሳቅኩ ኮረብታው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

"ስለ ማዶው ማሳም ነገርኳቸው" አለች። "ጥናት እንዴት እንደሚበላሽ ምሳሌ ስሰጥ።"

"ማን አበላሸው አልሻቸው?"

"አንድ ገበሬ።"

"ስም የለውም?"

"አባ! ጥፋት እኮ ነው። በጥፋት ስምህን ላንሣው?"

ከታች ለቃሚዎቹ ይሳሳቃሉ። ይህን ነገር ከነሐሴ ጀምሮ ይዤው ዞርኩ።

"ላምያ" አልኩ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው። ያልገባኝን አልጠየቅኩም፤ ዶክተሩ ሲጠይቅም ዝም አልኩ። አንድ ገበሬ የሚባል ሰው የለም። ነገ ስትገቢ ንገሪያቸው።"

"ሐሙስ ነው የምገባው።"

"ሐሙስ ስትገቢ ስሜን ጥሪ። ለዶክተሩም ንገሪው። አባቢያ ይባላል በዪ። አባቴ ነው በዪ።"

 የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፣ መልሼ ጠጋ አደረግኩት።

"አለሁ አባ" አለች። "እየጻፍኩት ነው።"